ሃይማኖትን የሚዳፈር ቃል በሙዚቃ ጽሑፍ ውስጥ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሃይማኖትን የሚዳፈር ቃል ያጋጥመዋል። አንድ ድምጻዊ በቃለ መጠይቅ ላይ ይናገረዋል፤ የዘፈኑ ግጥም ውስጥ ይገኛል፤ የመድረኩ ትርኢት ራሱ በድፍረት ላይ የቆመ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ቃሉ የሚመነጨው ከጸሐፊው ከራሱ ብዕር ነው። «ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ነውና ሁሉም ይጻፍ» የሚለው መልስም ሆነ «የተቀደሰ ነገር አይነካምና ሁሉም ይቅር» የሚለው መልስ እጅ ላይ ያለውን ረቂቅ ለማረም አይረዳም፤ ሁለቱም ቃሉን ማን እንደተናገረው፣ ለምን እንደተናገረውና በማን ላይ እንዳነጣጠረ አይጠይቁምና። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፦ ድፍረቱ የባለሙያው ሲሆንና ሥራውን ለመረዳት ሲያስፈልግ ሳይሸራረፍ ይዘገብ፤ ጸሐፊው ጽሑፉን ለማድመቅ ብሎ ከራሱ የሚጨምረው ዘለፋ ግን ይውጣ። ይህን በተግባር እንዴት መሥራት እንደሚቻል ለጀማሪ ጸሐፊዎችና ለአርታኢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉን ባለቤት መለየት

ረቂቁን ይዛችሁ ስትቀመጡ ሃይማኖት ነክ በሆነው አገላለጽ ሁሉ ሥር አስምሩና ከጎኑ የተናጋሪውን ማንነት ጻፉ፦ ዘፋኙ፣ ግጥሙ፣ ታዳሚው፣ ተቃዋሚው ወይም ጸሐፊው። ሥራው ቀላል ቢመስልም ብዙው ስሕተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሂስ በሚጻፍበት ጊዜ የጸሐፊው ድምፅ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር በቀላሉ ይቀላቀላል። ስለ አንድ ቁጡ አልበም የሚጽፍ ሰው ሁለት አንቀጽ ሳይሄድ በአልበሙ አንደበት መናገር ይጀምራል፤ አንባቢውም ስድቡ የዘፋኙ ይሁን የጋዜጠኛው መለየት ያቅተዋል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ወይ በትእምርተ ጥቅስ አስገብታችሁ ለተናገረው ሰው መልሱለት፣ ወይ ሰርዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቃሉ ወደ ማን እንደተወረወረ ነው። ፈጣሪን መዳፈር፣ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ማፌዝ፣ የሃይማኖት አባቶችን ምግባር መንቀፍ፣ የሃይማኖት ተቋምን ሥልጣን መቃወም እና ምእመናንን በእምነታቸው ምክንያት ማዋረድ በአንድ ስም የሚጠሩ ነገሮች አይደሉም። በ1966 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለዓመፅ የሚያነሳሳ የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ይደነግጋል። የአንቀጽ 20 ዋና ትኩረት በሰዎች ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ለሙዚቃ ጸሐፊም ይኸው መለኪያ ይበጀዋል። እምነትን የሚሞግት ግጥም በዝርዝር ሊተነተን ይገባል። አማኞችን ለጥቃት የሚያጋልጥ ግጥም ግን እንደ ተራ የመድረክ ድፍረት ሊታለፍ አይገባውም፤ ቅስቀሳ ከሆነ ቅስቀሳ ተብሎ መጻፍ አለበት።

የተነገረን ቃል ስትጠቅሱ

ጥቅስ እንዴት እንደሚበላሽ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው ቢትልስ የተባለው የብሪታኒያ የሮክ ቡድን አባል የነበረው የጆን ሌነን የ1966 ጉዳይ ነው። ማርች 4 ቀን የለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ፣ ጋዜጠኛዋ ሞሪን ክሊቭ ከሌነን ጋር ያደረገችውን ቆይታ አሳተመ። ጽሑፉ ስለ ሌነን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያወሳ ሰፊ ሥዕል ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ስለ ሃይማኖት ብዙ ያነብ እንደነበርም ይገልጻል። ክርስትና እየደበዘዘ እንደሚሄድና ቢትልሶች ከኢየሱስ ይልቅ ዝነኛ እንደሆኑ የተናገረው በዚህ መሐል ነበር። በብሪታኒያ ይህ ነው የሚባል ቁጣ አልተነሳም። በዚያው ዓመት በጋ ግን ዴትቡክ የተባለ የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ንግግሩን መዝዞ ሽፋኑ ላይ አወጣው። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች የቡድኑን ዘፈኖች ማሰማት አቆሙ፤ ሸክላዎቹም በአደባባይ ተቃጠሉ። ሌነን ኦገስት 11 ቀን ቺካጎ ላይ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ማብራሪያ ለመስጠትና ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ።

ቁጣው የተነሳው በጥቅሱ አቀራረብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ንግግሩን ከነሙሉ አውዱ ቢያነቡትም የሚያዝኑ አማኞች በእርግጥ ነበሩ። ይሁን እንጂ ክሊቭ አንድ ሰው ስለ እምነት ሲያስብ አሳየችን፣ ሽፋኑ ደግሞ አንድ ሰው ሲፎክር አሳየን። በሥራ ላይ ሊውል የሚገባው ልዩነት ይህ ነው። ሃይማኖትን የሚነካ ንግግር ስትጠቅሱ ተናጋሪው የተጠየቀውን ጥያቄና ከንግግሩ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር አብራችሁ አቅርቡ። ንግግሩን ብቻውን ለርዕስ፣ ለሽፋን ወይም ለማስተዋወቂያ ምስል አትጠቀሙበት፤ ጽሑፉን ከሚያነበው ሰው ይልቅ ርዕሱን ብቻ የሚያየው እጅግ ይበዛልና፣ ርዕሱን ያየው ሰው አውዱን ሊያገኝ አይችልም። አርታኢዎች በዚህ ረገድ ከጸሐፊዎች የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው፤ ርዕሱን በአብዛኛው የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ግን ከቃለ መጠይቁ ወንበር ነው። ተጠያቂው ደፋር ንግግር ሲወረውር ጠያቂው አብሮ ቢስቅ ወይም «ጥሩ ርዕስ አገኘሁ» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ቢሻገር፣ በኋላ ጽሑፉን ማቃናት አይችልም። በዚያች ቅጽበት መጠየቅ ያለበት፣ «ይህን ሲሉ ስለ እምነቱ ነው ወይስ ስለ ተቋሙ?» የሚለውና «ይህን የሚያነብ አማኝ ምን እንዲረዳልዎ ይፈልጋሉ?» የሚለው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሐሳቡን ያብራራል፣ አንዳንዱ ያለዝባል፣ አንዳንዱም ያጠነክራል። የትኛውም ቢሆን ከመጀመሪያው ንግግር የተሻለ ጽሑፍ ያስገኛል፤ ተናጋሪውም በኋላ «አውዱ ጠፋብኝ» ብሎ ቢከራከር መልሱ በቅጂው ላይ አለ።

ጸያፍ ቃልን በኮከብ ምልክት መሸፈንን በተመለከተ ብዙ መባል ያለበት አይመስለኝም። ዝግጅት ክፍሉ አንድ ደንብ ያውጣና ለሁሉም እምነት እኩል ይሥራበት፤ የአንዱን ሃይማኖት ስድብ ሸፍኖ የሌላውን ገልጦ መጻፍ ግን አድልዎ ነው። ቃሉን መሸፈን ይቻላል፣ መለወጥ ግን አይቻልም። ዘፋኙ የተሳደበውን ስድብ ጸሐፊው «ቅሬታውን ገለጸ» ብሎ ቢያለሰልሰው ለአንባቢው የውሸት ሰው ሠርቶ አቀረበለት ማለት ነው።

ድፍረቱ የሥራው አካል ሲሆን

ኦክቶበር 3 ቀን 1992 አየርላንዳዊቷ ድምጻዊት ሺኔድ ኦኮነር ሳተርደይ ናይት ላይቭ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበች። ያለ ምንም መሣሪያ የዘፈነችው ቦብ ማርሊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ካደረጉት ንግግር የወሰደውን ዘፈን ነበር። ከግጥሙ ጥቂቱን ለውጣ በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም በደል እንዲናገር አደረገችው፤ በመጨረሻም የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶግራፍ በካሜራው ፊት ቀደደች። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን መድረክ ላይ ስትወጣ ከታዳሚው ብርቱ የተቃውሞ ጩኸት ጠበቃት።

ያን ምሽት የሚዘግብ ጋዜጠኛ ምን መጻፍ ነበረበት? «ጳጳሱን ሰደበች» ብሎ መጻፍ ከነገሩ ግማሹን መተው ነው፤ «ቤተ ክርስቲያንን ልክ አስገባቻት» ብሎ መጻፍም ያንኑ ግማሽ በሌላ በኩል መተው ነው። የሚበጀው ቅደም ተከተል የተፈጸመውን ነገር በዝርዝር ማስቀመጥ፣ ማንን እንደሚመለከት ማጣራት፣ ፍርድን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። የተዘፈነው ምን ነበር? የትኛው ቃል ተለወጠ? የተቀደደው የማን ምስል ነበር? ድምጻዊቷ የምትከሰው ምን ተፈጽሟል ብላ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በጊዜው ተከትሎ የሄደ ጸሐፊ ቢኖር ከሙዚቃ ገጽ ተነስቶ ትልቅ ዜና በር ላይ ይደርስ ነበር። በ2002 ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ በካህናት ስለተፈጸመው በደልና ስለ መሸፋፈኑ ተከታታይ ዘገባ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ በአየርላንድ ሁለት ይፋ የምርመራ ሪፖርቶች በቤተ ክርስቲያን ሥር ባሉ ተቋማትና በደብሊን ሀገረ ስብከት የሆነውን በስፋት አጋለጡ። ይህን የምለው በፎቶግራፉ መቀደድ ያዘኑ ካቶሊካውያን ሐዘናቸው ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም። ድፍረቱን ብቻ አይቶ ክሱን ያልሰማ ጋዜጠኛ ሥራውን አልሠራም ማለቴ ነው።

በሞስኮ የክርስቶስ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2012 የሆነውም በተመሳሳይ መንገድ መነበብ አለበት። ፑሲ ራየት የተባለው ቡድን አባላት በመሠዊያው ፊት ያቀረቡት የጸሎት ቅርጽ ያለው ዘፈን ወላዲተ አምላክ ፑቲንን እንድታስወግድ የሚለምን ነበር። ፍርድ ቤት ሦስቱን በሃይማኖት ጥላቻ የተነሳሳ ሁከት በሚል የሁለት ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ስፍራው ለምእመናን የጸሎት ቤት ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ የፖለቲካ ተቃውሞ ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው፤ ወዳጅነቱ ለዘፋኞቹ የሆነ ጸሐፊ የመጀመሪያውን፣ ለቤተ ክርስቲያኗ የሆነም ሁለተኛውን የመዝለል ፈተና አለበት።

ጸሐፊው በድፍረት ውበት ተማርኮ እንዳይታወር ደግሞ የኖርዌይን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል ከተባለው ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ጋር የተያያዙ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ በርገን አጠገብ ያለው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ጁን 6 ቀን 1992 ወደመ፤ በ1994ም አንድ ታዋቂ የዘርፉ ሙዚቀኛ በነፍስ ግድያና በአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ 21 ዓመት ተፈረደበት። ስለዚያ ሙዚቃ የጊታሩን ድምፅ፣ የቀረጻውን ሆን ተብሎ የሻከረ ጥራትና ተጽዕኖውን መጻፍ ተገቢ ነው። ቃጠሎውን እንደ አልበም ሽፋን ማስጌጫ አድርጎ መተረክ ግን በሰዎች ንብረትና ሕይወት ላይ የተፈጸመን ወንጀል ማድነቅ ይሆናል።

የጸሐፊው የራሱ አንደበት

እዚህ ላይ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ አይስማሙኝም። የሮክ ሙዚቃ ጋዜጠኝነት በ1970ዎቹ በአሜሪካውያኑም በብሪታኒያውያኑም መጽሔቶች ያደገው ማንንም ባለማክበር ነው፣ ጨዋነት ከገባበት ይሞታል ይላሉ። ከክርክራቸው የምቀበለው አለ። ለዝነኛ አለመንበርከክ፣ የአሳታሚ ኩባንያን ውዳሴ አለመድገም፣ መጥፎ አልበምን መጥፎ ማለት የሂስ ነፍስ ነው፤ ይህን የሚያለዝብ መመሪያ ከቶ አልጽፍም። ነገር ግን ያ አለማክበር የሚሠራው ራሱ ሙዚቃው፣ ሙዚቀኛው ወይም ንግዱ ላይ ሲያርፍ ነው። በሃይማኖት ላይ የሚወረወር ዘለፋ በአብዛኛው የሚመጣው ጸሐፊው የሰማውን ድምፅ የሚገልጽበት ቃል ሲያጥረው ነው።

ለማሳያ ያህል እኔው ያዘጋጀሁትን ምናባዊ ረቂቅ እንይ፦ «ድምጻዊው መስቀሉን ረግጦ፣ በዚያ የተረት መጽሐፍ የሚያምኑትን ደንቆሮዎች አፋቸውን አስያዛቸው፤ ድንቅ ምሽት ነበር።» ከዚህ ውስጥ ስለ ሙዚቃው የምናውቀው ምንም የለም። ስድቡ የዘፋኙ ይሁን የጸሐፊው አይታወቅም፤ ምሽቱ ለምን ድንቅ እንደሆነም አልተነገረንም። አሁን ደግሞ ይህን እንይ፦ «በሦስተኛው ዘፈን መካከል ከበሮው በድንገት ሲቋረጥ ድምጻዊው መድረኩ ላይ የተጋደመውን መስቀል ረገጠ። ከፊት የቆሙት ጮኹ፤ ከኋላ ከነበሩት አንዳንዶቹ ተነስተው ወጡ። ቀጥሎ የመጣው ዘፈን በአንድ የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ስላለፈ ልጅነት ይተርካል፤ እዚያ ላይ ድምጹ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ የረገጠው ለምን እንደሆነ ገባን። ያው ድርጊት ሁለት ጊዜ ሲደገም ግን ኃይሉን አጣ፤ በመጨረሻው ላይ ከታዳሚው ማንም ቀና ብሎ አላየውም።» በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ስድብ የለም፣ ፍርዱ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል። አማኙም የማያምነውም አንባቢ የሆነውን ነገር አውቆ የራሱን አቋም መያዝ ይችላል።

አማኝ የሆነ ጸሐፊም ከዚህ መመሪያ ነፃ አይደለም። አንድን ዘፋኝ «ሰይጣን አምላኪ» ብሎ መጻፍ በጽሑፍ የቀረበ ክስ ነው፤ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በ1985 በአሜሪካ የወላጆች የሙዚቃ መረጃ ማዕከል የተባለው ቡድን ተቃውሞ ያነሳባቸውን ዘፈኖች ሲዘረዝር አንዱን መደብ ያደረገው ከጥንቆላና ከመናፍስት ጋር የተያያዘ ይዘትን ነበር፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተሰማ። ቀንድ የተሳለበት ሽፋን፣ የቀላ መብራት ወይም የሻከረ ድምፅ የሰውን እምነት አያስረዳም። ዘፋኙ ራሱ ያለውን ጥቀሱ፤ ካላለ ደግሞ ያያችሁትን ጻፉና ተዉት።

ለአድናቆት ሲባል ቅዱሳት ስሞችን መበተንም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ጊታር ተጫዋቹን «አምላክ»፣ አልበሙን «መጽሐፍ ቅዱስ»፣ ኮንሰርቱን «ቅዳሴ» ማለት ለአንዳንዱ ቀልድ ነው፣ ለአንዳንዱ ድፍረት ነው፣ ለሁሉም ግን ያረጀ አገላለጽ ነው። ለዚህኛው ምክንያት ብቻ እንኳ መሰረዝ ይገባዋል።

መንፈሳዊ ሙዚቃን ስትገመግሙ

ጎስፔል (የአሜሪካ ጥቁሮች የቤተ ክርስቲያን መዝሙር)፣ ቀዋሊ (የደቡብ እስያ ሱፊ ሙስሊሞች የአምልኮ ዜማ) ወይም ሌላ የአምልኮ ዜማ በአልበም መልክ ለገበያ ሲቀርብ ለሂስም መቅረቡ ተገቢ ነው፤ «መንፈሳዊ ነውና አይነካም» ማለት ሙዚቀኛውን ከሙያው ማሳነስ ነው። የድምፁን አቅም፣ የዝማሬውን ቅብብል፣ የቀረጻውን ጥራት፣ ዜማው ከግጥሙ ጋር መስማማቱን መርምሩ። የማትቀበሉት እምነት ስለሆነ ብቻ ግጥሙን አታፊዙበት፤ የምትቀበሉት ስለሆነም ደካማ ዝግጅትን አታወድሱ። የቀዋሊ ዘማሪ አንድን ስንኝ ደጋግሞ የሚያዜመው አድማጩን ወደ ተመስጦ ለማድረስ ነው፤ ይህን ሳያውቅ «አሰልቺ ድግግሞሽ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ባይሳደብም አቃሏል። የቅዱሱና የዓለማዊው ድንበርም እንደምንገምተው የጸና አይደለም፤ ሬይ ቻርልስ በ1954 የጎስፔልን ዜማ ለፍቅር ዘፈን ሲያውል ብዙ አማኞች እንደ ድፍረት ቆጥረውበታል፣ ዛሬ ግን ያ ሥራ የሶል ሙዚቃ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተቆጡትን ምእመናን እንደ ኋላ ቀር ሊያቀርባቸው አይገባም፤ የሚወዱት ዜማ ከጸሎት ቤት ወጥቶ ሲሄድ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

ሕግና ደኅንነት

እንግሊዝና ዌልስ የስድበ መለኮትን ወንጀል በ2008 ሰርዘዋል፤ አየርላንድ በ2018 ሕዝበ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቷ አውጥታዋለች። በሌላ በኩል ሩሲያ በ2013 የምእመናንን ስሜት መንካት የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች፤ በፖላንድ በ2007 ኮንሰርት ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የቀደደው የቤሄሞት ቡድን መሪ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ሊባኖሳዊው ማርሴል ኸሊፌ የማሕሙድ ዳርዊሽን ግጥም በማዜሙ፣ በግጥሙ ውስጥ ካለው የቁርኣን ሐረግ የተነሳ ተከሶ በዲሴምበር 1999 ነፃ ወጣ። በናይጄሪያ ካኖ ግዛት ደግሞ በ2020 አንድ ወጣት ድምጻዊ በዋትስአፕ በተሰራጨ ዜማ ምክንያት የሞት ፍርድ ተፈርዶበት፣ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዟል።

ስለዚህ ከማሳተም በፊት ጽሑፉ የሚነበብበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅሱ በተናጋሪው ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቡ። በአደባባይ ከመድረክ የተነገረ ቃል የሕዝብ ነው። በልምምድ ክፍል ለጓደኛ የተነገረን፣ ወይም ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት ሳያስብ የወረወረውን ቃል ግን ማተም ሰውየውን እስር ቤት ሊያስገባው፣ ከዚያም የባሰ ሊያደርስበት የሚችል ከሆነ፣ የአንድ ቀን መነጋገሪያ ለዚያ አይበቃም። ክስ ተመሥርቶ ስትዘግቡም የክሱን ጭብጥ አንባቢው እንዲረዳ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ጥቀሱ፤ ስድቡን በዝርዝር መደጋገም ለተከሳሹም ለተከፋውም አይጠቅምም።

ቅሬታ ሲመጣ

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ መልስ አትሸኙት። አንዳንዱ የሚነግራችሁ የሐቅ ስሕተት ነው፦ ጸሎቱን በስሙ አልጠራችሁትም፣ የአንዱን እምነት ሥርዓት ለሌላው ሰጥታችኋል፣ ጥቅሱ ተቆርጧል። ይህን አጣሩ፣ ስሕተት ከሆነ በግልጽ አርሙና መታረሙን ጻፉ። ሌላው የሚነግራችሁ ሐዘኑን ነው፤ ቃሉ የእናንተ ሳይሆን የዘፋኙ እንደሆነና ለምን መጠቀስ እንዳስፈለገው በትሕትና አስረዱት፤ ማስረዳት ካቃታችሁ ምናልባት ጥቅሱ መጀመሪያም አላስፈለገ ይሆናል። ጽሑፉ ይጥፋልን የሚል ግፊት ሲበረታ ደግሞ ሹልክ አድርጋችሁ አትሰርዙት። የተናጋሪው ደኅንነት አደጋ ላይ ከወደቀ ስሙን ወይም ጥቅሱን አውጥታችሁ ማሻሻያ መደረጉን አሳውቁ፤ አደጋ ከሌለና ጽሑፉ ትክክል ከሆነ ግን ባለበት ይቆይ፣ የተቃዋሚውም መልስ ከሥሩ በሙሉ ቃሉ ይታተምለት።